ኦሬስቴ ሐምራዊ የለበሰ ቀን

ኦሬስቴ ቫንዲኒ ሁልጊዜ ይሞት ነበር። በሰይፍ ሞቷል፣ በጦር ሞቷል፣ አንበሳም በልቶታል፤ አንበሳው ግን ጥርስ አልነበረውም። የእኔ ሥራ ከፈረስ መውደቅ ነበር። በዚያ ዘመን ሮም ውስጥ የጥንት ጀግና ፊልም እንደ ዳቦ በየጊዜው ትኩስ ትኩሱ ስለሚወጣ ለሁለታችንም እንጀራ አልጠፋም።

የኦሬስቴ ጭንቀት አማቱ ነበሩ። ሶር ጋስፓሬ የሚባሉ፣ ቴስታቾ ሰፈር ቄራው አጠገብ ሥጋ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ጠርተው ነገሩት።

«እስከ ገና እጠብቅሃለሁ። አንድ ፊልም ላይ እስከ መሃሉ እረፍት ድረስ በሕይወት ከቆየህ ተዋናይ ነህ፣ አፌን እይዛለሁ። ከሞትክ ግን ሽርጥ ታጥቀህ እኔ ጋ ከብት ትበልታለህ።»

«እሺ፣ ሶር ጋስፓሬ» አለ።

ሥጋ መቁረጥ ይችልበታል፤ አይንቀውምም። ግን ሰው ፊቱን እንዲያውቀው ይፈልግ ነበር። ሌላ የሚፈልገው ነገር ሲኖር አላየሁም።

በበጋው መጨረሻ ስለ አንድ ጨካኝ ንጉሠ ነገሥት ፊልም ስንሠራ ነበር። ኦሬስቴ ዘበኛ ነው፤ ገና ከመጀመሪያው ታንቆ ይሞታል። ንጉሡን የሚጫወቱት ከትልቁ ትያትር የመጡት፣ «ኮሜንዳቶሬ» የሚል የክብር ማዕረግ ያላቸው ታራንቲ ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ከእንጨትና ከጀሶ የተሠራ ነው፤ በማግስቱ ለእሳቱ ትዕይንት ይቃጠላል። ስለዚህ የዙፋኑ ትዕይንት የግድ በዚያ ቀን ማለቅ አለበት።

ጠዋት ሣጥን መጣ። ገንዘቡን ያወጣው ጀርመናዊ፣ ፊልሙ ባለ ቀለም ነው፣ ንጉሡ ቀለም ይልበስ ብሎ ካባ አሰፍቶ ልኳል። ሣጥኑ ሲከፈት ሁላችንም ወደ ኋላ ሸሸን። ካባው ሐምራዊ ነበር።

በእኛ ሙያ ሐምራዊ መቅሠፍት ነው። ድሮ ጾም ሲገባ ቄሱ ሐምራዊ ይለብሳል፣ ትያትር ቤቱ ይዘጋል፣ ተዋናዩ ይራባል። ከዚያ ወዲህ ያንን ቀለም ወደ መድረክ የሚያስጠጋ የለም። የመብራት ሠራተኞቹ መቅሠፍቱን ለማራቅ ብረት ነኩ። ሌሎቹ ደግሞ ወንድ ሲፈራ የሚነካውን ነኩ።

«ከፊቴ አንሱልኝ!» አሉ ኮሜንዳቶሬው።

«ጨርቅ እኮ ነው፣ ኮሜንዳቶሬ» አለ ዳይሬክተሩ ፍራካሲ።

«አባቴ አንዲት ሐምራዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ፊት ተጫውቶ ድምፁ ተዘጋ!»

«እዚህ ድምፅዎን ማን ፈለገው? በኋላ ሌላ ሰው ይናገርልዎ የለ!»

ኮሜንዳቶሬው አክሊላቸውን አወለቁ፤ ዙፋኑ ላይ ወረወሩትና ወጡ። ከቀለሙ ይልቅ ይህ ንግግር ነው ያስወጣቸው።

ፍራካሲ ፀጉሩን ነጨ። «ነገ ይህ ቤት አመድ ነው! የሚለብስ ሰው የለም?»

ሁሉም ጫማውን አየ።

«እኔ እለብሳለሁ» አለ ኦሬስቴ።

ክንዱን ያዝኩት። «አብደሃል? ጥቁር ድመት መንገድ ሲያቋርጥህ ወደ ቤትህ የምትመለስ ሰው!»

«ፈርቻለሁ» አለኝ። ከንፈሩ ደርቋል። «ግን ሐምራዊው ምናልባት ነው የሚገድለኝ። ዘበኝነቱ ግን ያለ ጥርጥር ይገድለኛል።»

«ኦሬስቴ፣ ከሞትክ ጫማህ ለኔ!» አለ ከላይ መብራት የያዘው ሰው።

«ቀዳዳ ነው፤ ከነቀዳዳው ውሰደው!»

ካባውን ለበሰ። ማንም ስላልረዳው ብቻውን ነው የለበሰው።

«ንግግሩን አላውቀውም» አለ።

«ቁጠር!» አለ ፍራካሲ።

ድምፅ በኋላ ስለሚገባ፣ ቃሉን ያላጠና ተዋናይ ቁጥር ይቆጥራል፤ አፉ ከተንቀሳቀሰ ይበቃል።

«ግን እንደ ንጉሥ ቁጠር!»

ካሜራው መሽከርከር ጀመረ። የፊልሙን ጀግና የሚጫወተው ጡንቻማ አሜሪካዊ በሰንሰለት ታስሮ ቆሟል። ኦሬስቴ ዙፋኑ ላይ ተደላድሎ አየው።

«አንድ» አለ በቀስታ። ትንሽ ቆየና፣ የሚያዝን መስሎ፣ «ሁለት» አለ።

የሞት ፍርድ የሚያነብ መሰለኝ። አሜሪካዊው በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር መለሰ፤ ቋንቋውን የሚያውቁ በኋላ እንደነገሩኝ ስለ ምሳው ነበር። ኦሬስቴ ተነሣ። «ሰባት! ስምንት!» እያለ ደረጃውን ወረደ። ያኔ ከላይ ትልቁ መብራት ፈነዳ።

ብርጭቆው እንደ በረዶ ዘነበ። ሴቶቹ ጮኹ፤ ግማሹ ሰው «ይኸው! ሐምራዊው!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ። ኦሬስቴ ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። እጁን ወደ ጭሱ አነሣ፤ መብረቁን ራሱ የላከው ይመስል። ከዚያ ሣቀ።

«ዐሥራ ዘጠኝ!» አለ።

አሜሪካዊው ከልቡ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘበኞቹ ማንም ሳያዛቸው ተንበረከኩ። እኔም ተንበርክኬ ነበር።

አቁም የሚል ጠፋ። ፊልሙ ካሜራው ውስጥ እስኪያልቅ ተቀረጸ። ከዚያ ፍራካሲ እየሮጠ መጣና ካባውን ላለመንካት አንገቱን አስግጎ የኦሬስቴን ግንባር ሳመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ንጉሡ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ኦሬስቴ ሆነ።

የገና በዓል ሳይደርስ ፊልሙ ቴስታቾ ሲኒማ ቤት ገባ። እሑድ ከሰዓት ሶር ጋስፓሬን መሃል አድርገን ተቀመጥን። ክንዳቸውን አጣምረዋል።

ዘበኛው ሲታነቅ፣ «ሞትክ!» አሉ።

«እሱ በእኔ ቦታ የገባ ሌላ ሰው ነው፣ ሶር ጋስፓሬ» አለ ኦሬስቴ።

ንጉሡ ሲገባ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። የእረፍት መብራት በራ፤ ንጉሡ አልሞተም። ክንዳቸውን ግን አልፈቱም። ከእረፍት በኋላ ግን ንጉሡ አንድ ሕፃን ከእናቱ እጅ ነጠቀ፣ አዳራሹም ተናወጠ። ተመልካቹ ሲቆረጥመው የነበረ የዱባ ፍሬ ስክሪኑ ላይ ዘነበ፤ ጫማ ተወረወረ። «ውሻ! ነፍሰ ገዳይ!» ይላል ሕዝቡ። ሶር ጋስፓሬ ብድግ አሉ።

«አቃጥሉት ይህን አውሬ! ምን ትጠብቃላችሁ!»

ኦሬስቴ ጉልበቴን ጨብጦ ሊሰብረው ደረሰ። ንጉሡ በመጨረሻ ሲቃጠል ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ፤ ኦሬስቴ ሲሞት ሰው እንዲህ ተደስቶለት አያውቅም።

በኋላ ዘመኑ የካውቦይ ሲሆን የአሜሪካ ስም አወጡለት። ከዚያ የፖሊስ ፊልም መጣ፤ ኮሚሽነር ሲገድል ሸመገለ። ፊቱን የማያውቅ ሰፈር አልነበረም። እሱ ግን ከሁሉ የሚያስታውሰው ያንን እሑድ ነው።

ፊልሙ አልቆ ስንወጣ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮ አፍጥጣ አየችው፤ ወዲያው ቦርሳዋን አንሥታ ጭንቅላቱን አለችው።

«ያ ምስኪን ሕፃን ምን አደረገህ? አንተ አረመኔ!»

ኦሬስቴ እጇን ይዞ ሳመው። ደግማ መታችው። ሰው ተሰበሰበ፣ ልጆች እየጮኹ መጡ። ሶር ጋስፓሬ ሰዉን በክርናቸው እየገፉ መሃል ገቡ፤ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል።

«የልጄ ባል ነው!» ብለው ለመንገዱ ሁሉ ጮኹ። «ይህ ጨካኝ የእኔ ነው! መምታት የምትፈልጉ ተሰለፉ!»