ያልተጣሉት ሳህኖች

ዶክተር ይትባረክ ሽልማቱን ሊቀበል መድረክ ላይ ሲወጣ ከአዳራሹ ጀርባ እልልታ ቀለጠ። የማን እንደሆነ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለገውም። አሥራ አንድ ዓመት አብረውት የሠሩትን የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የእትዬ አሳየችን ድምፅ መቼ ያጣዋል! እልልታው እንደ ጥፊ ፊቱ ላይ አረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዳማ ባለው የምርምር ማዕከል፣ የዓለም ጤና ከተማ አካባቢ ገበሬዎችን ሽንኩርት የሚያደርቀውን በሽታ ለመቋቋም የተክሉን ጂን ቆርጠው ሊያስተካክሉ ሲታገሉ፣ የተክሉ ሕዋስ ከሚያድግባቸው መቶ የላቦራቶሪ ሳህኖች አንዱ እንኳ አልሰምር ብሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ መብራት ጠፋ፤ ማቀዝቀዣው ቆመ፤ የአዳማ ሙቀት ክፍሉን ምድጃ አደረገው። ሰኞ ዶክተሩ ሳህኖቹን አየና "ተቀቅለዋል፣ ይጣሉ" ብሎ ሄደ። እትዬ አሳየች ግን "ነፍስ አላቸው እኮ" ብለው ጥግ አስቀመጧቸው። በሦስተኛው ሳምንት አቆጠቆጡ። ሲመረመሩ የግማሾቹ ጂን ልክ እንደተፈለገው ተስተካክሏል፤ ለካ ጂን መቁረጫው ሙቀት ሲያገኝ ነው የሚበረታው! ከዚያ በኋላ ሙቀቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ በደብተራቸው እየመዘገቡ፣ ስንት ሰዓት እንደሚበቃ የለዩትም እሳቸው ናቸው።

ግኝቱ በውጭ አገር መጽሔት ሲወጣ አራት ስም ነበረበት። ከአራቱ አንዱ ሽንኩርትን ከወጥ ውስጥ በቀር አይቶ የማያውቅ አለቃ ነው። የእትዬ አሳየች ስም ግን የለም። ይትባረክ "የቴክኒሻን ስም እኮ አይገባም" እያለ ራሱን አጽናና። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አሁን መድረክ መሪው ማይክሮፎኑን አቀበለው።

"ዶክተር፣ ሙቀትን የመጠቀሙ ሐሳብ እንዴት መጣልዎት?"

እትዬ አሳየች ነጠላቸውን አስተካክለው ከወንበራቸው ቀና ሲሉ አየ። ስማቸው ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ከጠራው "ታዲያ ጽሑፉ ላይ ለምን የሉም?" መባሉ አይቀርም፤ አለቃውም ፊት ለፊቱ ተቀምጧል።

"የረጅም ጊዜ ተከታታይ ምርምር ውጤት ነው" አለ።

ሰው አጨበጨበ። እትዬ አሳየችም አጨበጨቡ። ይትባረክ በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። አፈረ፤ ራሱን ማየት አስጠላው።

ሲያበቃ በር ላይ ባጃጅ ሲጠብቁ ሮጦ ደረሰባቸው።

"እትዬ አሳየች... ጽሑፉ ላይ እኮ ስምዎን..."

"አውቃለሁ፣ ዶክተር። በወጣበት ሳምንት ልጄ ሉሊት አንብባልኛለች።"

ክው አለ። "እያወቁ ነው እልል ያሉልኝ?"

"ዛሬ በሰው ፊት ይናገራሉ ብዬ ነዋ። ልጄ 'አይናገሩም፣ አትሂጂ' ብላኝ ነበር። 'እኔ አውቃቸዋለሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይደሉም' ብዬ ተሟገትኩልዎት።"

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። እትዬ አሳየች አንድ እግራቸውን አስገብተው ዞር አሉ። በድምፃቸው ቁጣ የለም፤ ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

"አሁን ቤት ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። ምን ልበላት፣ ዶክተር?"

የባጃጁ ነጂ ሞተሩን እያስጓራ ጠበቀ።