የውሻ ጠጉር ያለበት ዘንግ

ሦስተኛው የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌ ላይ የውሻችን ጠጉር ተጣብቋል። አንድ ጠጉር ብቻ ነው፤ ግን ሙጫው እንደ መስታወት ስለሚያበራ ከሩቅ ይታያል። እንዳላወጣው ሙጫው ደርቋል። እንደ አዲስ እንዳልሠራ ነገ ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ አማቼ ያዩታል።

አማቼ ኦርቪን ይባላሉ። እዚህ ሰሜን ሚኒሶታ ሐይቁ መኪና የሚሸከም በረዶ ሲሠራ፣ የጣውላ ጎጆአቸውን ጎትተው መሀሉ ላይ ያቆማሉ። ጎጆው ወለሉ ላይ፣ በረዶውን በስቶ ውኃው ድረስ የሚወርድ አራት ማጥመጃ ቀዳዳ አለው። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የባለቤቴ የማርና፣ አንዱ የወንድሟ የጌለን ነው። አራተኛው የኦርቪን ወንድም ቀዳዳ ነበር፤ ሰውየው ጠቅልሎ ሞቃቷ አሪዞና ገባ። አልሞተም፤ ኦርቪን ግን ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ማርናን ካገባሁ ጀምሮ ሦስት ክረምት በሩ ሥር ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ሰው ሲያጠምድ አያለሁ። በዚያ ጎጆ በገዛ እጁ ያልሠራውን ዘንግ ይዞ ቀዳዳ ላይ የሚቀመጥ የለም። ሕጉ የኦርቪን ነው። ዘንድሮ ደግሞ፣ "አራተኛው ቀዳዳ ቅዳሜ ባለቤት ካላገኘ እደፍነውና እንጨት እከምርበታለሁ" አሉ።

ክንድ የማትሞላ ዘንግ መሥራት ምን ይከብዳል? ቀጭኗን ዘንግ ቡሽ እጀታ ላይ ትሰካለህ። ናይለኑ የሚያልፍባቸውን ቀለበቶች በድር ጠምጥመህ ታስራለህ። ድሩን ሙጫ ቀብተህ፣ እስኪደርቅ ድረስ ዘንጉን ታሽከረክራለህ። በቃ። የመጀመሪያውን ሳሽከረክር ማርና ለእራት ጠራችኝ፤ ስመለስ ሙጫው ተንጠባጥቦ ጉንፋን የያዘው አፍንጫ መስሎ ደርቋል። የሁለተኛው ቀለበቶች ከሠርግ እንደሚመለሱ ሰካራሞች አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ያያሉ። ለሦስተኛው፣ ዘንጉን እንዲያሽከረክርልኝ ዶሮ የሚያዞረውን የመጥበሻውን ሞተር ፈታሁ።

"ዌንዴል፣ የዶሮ መጥበሻዬ ምን ሆነ?" አለች ማርና።

"ሥራ ቀየረ።"

"ድንቹ ውስጥ ቀይ ክር አገኘሁ።"

"እንዳትበጥሺው! ስፈልገው የቆየሁት እሱን ነው።"

"አባዬ እኮ ይሄን በአንድ ከሰዓት ነው የሚጨርሰው።"

"ነግረሽኛል። አምናም ነግረሽኛል።"

"ቀለበቶቹ ግን አልጠበቡም?"

"ቪዲዮው ላይ እንዲህ ነው።"

ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ሰውዬ ቁምጣ ለብሶ ነበር። ያን ቁምጣ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ቅዳሜ ማርና ሥራ ገባች፤ እኔ ዘንጌን በፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩ። ጌለን ገና ስፈታው ጮኸ።

"ኧረ በስመ አብ! ዘንጉ ጢም አብቅሏል!"

ኦርቪን ተቀብለው ጎበጥ አደረጉት፣ ወደ መስኮቱ አዙረው ጠጉሩን አዩ።

"እንግዲህ... ለየት ያለ ነው" አሉ።

በእኛ አገር ሰው በጣም ሲደሰት "አይከፋም" ይላል። "ለየት ያለ ነው" የተባልኩት ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ ነው፤ ዓሣ በብርቱካን ማርማላታ የጠበስኩ ቀን። ሳህኑን ውሻው ጨረሰው።

"ለማንኛውም ሞክረው" አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ኦርቪን ምድጃውን ከቀትር በፊት አይለኩሱም፤ ሰውን አሪዞና ያስገባው የሙቀት ፍቅር ነው ይላሉ። እናም እርጥቡ ናይለን በጠባቦቹ ቀለበቶች ባለፈ ቁጥር በረዶ ይደፍናቸዋል፤ ባለቁምጣው ይሄን አያውቅም። በየአራት ደቂቃው አፌ ውስጥ ከትቼ አቀልጣለሁ። በመጨረሻ አንድ ከባድ ነገር ሳበኝ። ለመጠቅለል ብሞክር ናይለኑ አልንቀሳቀስ አለ።

"ሳመው ዌንዴል! አጥብቀህ ሳመው!" ጌለን ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ቀለበቱን እየመጠጥኩ ሳለ ዓሣው ናይለኑን በጥሶ ሄደ። ጌለን ጭራሽ የራሱን ባልዲ ቀዳዳዬ አፍ ላይ ገልብጦ ደፋበት። "ነፍስ ይማር" አለና ሳቁን ሊጨርስ ወደ ውጭ ወጣ።

ያኔ የኦርቪን ዘንግ ጎበጠ። ትልቅ ዓሣ ነበር። በእጃቸው ሊያወጡት ተንበረከኩና፣ "ያዝልኝ!" ብለው ዘንጋቸውን ሰጡኝ። ዘንጋቸውን ስይዝ በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ሳምንት መብራት ሥር ድር ስጠመጥም የኖርኩ ሰው ነኝና ዓይኔ ድሩ ላይ አረፈ። አንዱ ዙር ከሌላው ፍንክች አላለም፤ እንዲህ የሚጠመጥም የሰው እጅ የለም። እጀታውን የሸፈነው ጥቁር ፕላስተር ጫፉ ተልጦ፣ ከሥሩ የሱቅ ምልክት ብቅ ብሏል።

ቀና ስል ኦርቪን ዓሣውን ታቅፈው እያዩኝ ነው።

"ለየት ያለ ነው" አልኩ።

ዓሣውን አስቀምጠው ጓንታቸውን አወለቁ። ጣቶቻቸው ይንቀጠቀጣሉ፤ ብርድ አይደለም።

"ጣቶቼ ድሩን መያዝ እምቢ ካሉኝ ሁለተኛ ክረምታቸው ነው" አሉ።

ፕላስተሩን በአውራ ጣቴ ተጭኜ መልሼ ለጠፍኩት። ጌለን በሩን ከፍቶ ገባ።

"ጌለን፣ ባልዲህን ከዚያ ላይ አንሳ" አሉ ኦርቪን። "ቀዳዳው ባለቤት አለው።"

"በዚህ ዘንግ?!"

"በዚህ ዘንግ።" ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ለከርሞ የእኔንም ትሠራለህ። ቀለበቱ ሰፋ ይበል። ውሻውንም ከቤት አስወጣው" አሉኝ።

እስኪመሽ የራሴ ቀዳዳ ላይ ተቀምጬ ቀለበት ስመጥጥ ዋልኩ። አንድም ዓሣ አልያዝኩም። ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ሕጉ ዛሬም እንዳለ ነው፤ ልዩነቱ ከእንግዲህ የምሠራው ለሁለት ሰው መሆኑ ነው።

"እንዴት ዋልክ?" አለች ማርና።

"አይከፋም።"

"ጎሽ! እንግዲያው የዶሮ መጥበሻዬን ግጠምልኝ።"

ሁለት ዘንግ የሚጠብቀውን ሞተር በፎጣው ጠቅልዬ ደበቅኩት።