ሩሐማን ልታጅብ ሄዳ

ጀማነሽ ጤና ጣቢያ የሄደችው ለራሷ አልነበረም። ቡልጋሪያ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት አብራት የምታስተምረው ሩሐማ ለማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ብቻዬን መሄድ ፈራሁ ብትላት፣ ከሰዓት ክፍለ ጊዜ ስላልነበራት ልታጅባት ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቃት አንዲት ነርስ አየቻትና እርስዎስ ተመርምረው ያውቃሉ ብላ ጠየቀቻት። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጅ አድርሳለች፤ ተመርምራ አታውቅም። ከመጣሁ አይቀር ብላ ገባች።

ሩሐማ ነጻ ሆነች። ጀማነሽን ግን ወደ ሆስፒታል ላኳት። ናሙና ተወሰደ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ካንሰር ነው ተባለች።

ለሩሐማ ብቻ ነገረቻት፤ ለባሏ ለሃይላይ አልነገረችውም። እናቱን የቀበረው በዚሁ በሽታ ነው። ካዛንቺስ ያለው ቤታቸው ገብታ ራት ታቀርባለች፣ ደብተር ታርማለች፣ ትተኛለች። በአራተኛው ቀን ሩሐማ አላስችል ብሏት ደወለችለት። ሃይላይ የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ስታየው ገባት።

"አራት ቀን ብቻሽን?" አላት። ቦርሳዋን ተቀብሎ አብሯት ሄደ።

ሐኪሙ፣ ዶክተር ልዑልቃል፣ ሰፋ ያለ ናሙና ወስዶ የካንሰሩን ጥልቀት ካየ በኋላ ሁለቱንም አስቀምጦ አስረዳቸው። ማህፀኗ ይወጣል፤ ሆዷ ግን አይከፈትም፤ በአራት ትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ይሠራዋል። ሃይላይ በቀዳዳ ሲሠራ የሚቀር ነገር አይኖርም ወይ አለ።

"ጥሩ ጠየቁ" አለ ዶክተሩ። "እጢው በዓይን የሚታይ ቢሆን ኖሮ ከፍቼ ነበር የምሠራው፤ በዚህ በሽታ ትንሽ ቀዳዳ ሁልጊዜ አይሻልም። የእሳቸው ግን በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታይ ነው።"

ጀማነሽ ልጅ መውለድ በቃኝ ካለች ቆይታለች፤ ማህፀኔ ቢወጣ ምን ይጎድልብኛል ስትል ነበር። የቀዶ ጥገናው ዋዜማ ግን መታጠቢያ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ምክንያቱን ለራሷም ማስረዳት አልቻለችም።

ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣች። በማግስቱ ግድግዳ ይዛ ትራመድ ጀመር። ሩሐማ ልትጠይቃት መጥታ፣ እኔ ጎትቼ ወስጄሽ ነው እዚህ ውስጥ የገባሽው እያለች ስታለቅስ ጀማነሽ እጇን ያዘቻት።

"እንኳንም ፈራሽ" አለቻት።

ከዚያ የተወገደው ማህፀኗ የሚመረመርበትን የፓቶሎጂ ውጤት መጠበቅ መጣ፤ ከቀዶ ጥገናው የባሰው እሱ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር ሆዷ ላይ የተለጠፉትን ፕላስተሮች ትነካለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተጠሩ። ዶክተር ልዑልቃል ወረቀቱን አንብቦ ቀና አለ። ካንሰሩ የነበረበት ቦታ ዙሪያው ንጹህ ነው፤ የቀረ ነገር አልታየም፤ ጨረርም ኬሞም አያስፈልግም፤ በየጊዜው እየመጡ መታየት ብቻ።

ሃይላይ "ይቅርታ፣ እስቲ ደግመው ይንገሩን" አለ።

ዶክተሩ ሳይሰለች፣ ቃል በቃል ደገመላቸው።

መስቀል አደባባይ ሲደርሱ ጀማነሽ ራበኝ አለች። ሃይላይ ዞር ብሎ አያት፤ ይህን ቃል ከአፏ ከሰማ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ያገኙት ምግብ ቤት ገቡ። ሽሮዋን ጨርሳ እጇን ወደ እሱ ሰሃን ዘረጋች፤ እሱም መብላቱን ትቶ፣ ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ ስትበላ ያያት ጀመር።