በእትዬ ስም

«ያ አልበላም ያለው ሽማግሌ፣ ጡረተኛው መርከበኛ፣ ማን አበላው? እሷ ናት» አለች የአረጋውያን መጦሪያው ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች። «ሁላችንም ተስፋ ቆርጠን ሳህኑን ስንመልስ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ ‹እንግዲያው እኔ ልብላልህ› አለችውና ማንኪያውን ወደ ጭንብሏ አስጠጋች። ሰውዬው ተናዶ ነጠቃት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይበላል።»

ለቀስተኞቹ በእንባቸው መሃል ፈገግ አሉ። ሐዘንተኛዋ ግን ቀና ብላም አላየች። ሽማግሌውን ያበላችው ሟቿ ሳትሆን እሷ ራሷ ነበረች።

ሟቿ ታላቅ እህቷ ናት፤ እትዬ ትላታለች። ራሷን ደግሞ ቤተሰቡ ጭራ ይላታል፤ በልጅነቷ ከእህቷ ኋላ ስለማትጠፋ እህቷ ራሷ ያወጣችላት ስም ነው። ሠላሳ ዓመት ሞላት፣ ስሙ ግን አብሯት አላደገም።

ባለ ሁለት ክፍሏ ቤት ከጎረቤት በተለቀመ ወንበር ተሞልታለች። ጠረጴዛው ላይ የሻይ ፔርሙስና የወረቀት ኩባያ፣ ከበላዩ የእትዬ ፎቶ። ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ፎቶውን ትክ ብላ አየችና እዚህ ላይ ወፈር ትላለች አለች። አጠገቧ ያለችው የጽዳት ሠራተኛ፣ ጭንብልና የፕላስቲክ መከለያ ሰው ያከሳል ብላ መለሰችላት። ጭራ መሐረቧን ከፊቷ አነሣች። ሌላው ሰው የሚደበቀው ጭንብል ሲያጠልቅ ነው፤ እሷ የምትደበቀው ባዶ ፊቷን ስታሳይ። እነዚህ ሴቶች ከዓይኗ በስተቀር ምኗንም አይተው አያውቁም፤ ዓይኗ ደግሞ በልቅሶ አብጧል። ድምፅዋም ሰልሏል፣ እሱም ጠቀማት።

እዚህ አገር የመጣችው ለሦስት ወር ነበር። እትዬ ከባሏ ተፋትታ ከሴት ልጇ ጋር ብቻዋን ስትቀር፣ እስክቋቋም ልጅ ያዥልኝ ብላ አስመጣቻት። በስድስተኛው ሳምንት ወረርሽኙ ገባ። አውሮፕላን ቆመ፣ ድንበር ተዘጋ፣ የጭራም ቪዛ እቤት እንደተቀመጠች ተቃጠለ። በዚያው ሰሞን እትዬ ታመመች። በሽታው እሷን ሲለቅ ልቧን ይዞ ቀረ፤ ሁለት ደረጃ ወጥታ ትቆማለች። ከመጦሪያው ሥራዋ ከቀረች ደግሞ የሥራ ፈቃዷ ይሰረዛል።

«ሁለት ሳምንት ብቻ» አለቻት ያኔ። «ከዓይንሽ በታች ማን ያይሻል? መታወቂያዬን አንጠልጥለሽ ግቢ። ሦስተኛ ፎቅ ነው። የሚሉሽን ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ሁለቱ ሳምንት አሥራ ዘጠኝ ወር ሆነ። እትዬ የተሻላት ቀን ራሷ ትሄዳለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የምትገባው ጭራ ነበረች። ማታ ማታ አንዷ ለሌላዋ ውሎዋን ታስረክባለች፤ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፣ ማን ምን ብሎ ቀለደ፣ ነገ የምትገባዋ እንዳትሳሳት። ሁለት ሆነው አንድ ሠራተኛ ነበሩ። አለቆቹ ይህች ሴት አንዳንድ ቀን እንዲህ የምትፈጥነው፣ አንዳንድ ቀን የምትንቀራፈፈው ምን ሆና እንደሆነ ይገርማቸው ነበር።

ከዚያ መንግሥት በወረርሽኙ ጊዜ አረጋውያንን ለተንከባከቡ የውጭ አገር ሰዎች ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ሊሰጥ ነው ተባለ። የሥራ ሰዓት ማስረጃና የአለቃ ደብዳቤ ይበቃል። እትዬ ወሬውን እንደሰማች ጭራን አቅፋ አለቀሰች።

«ሰዓቱ ያንቺ፣ ስሙ የኔ» አለቻት። «ስለዚህ ወረቀቱ የሁለታችን ነው። እህቴ ናት፣ የምትኖረው በእኔ ነው ብዬ ቅጹ ላይ አስገባሻለሁ። አንቺን ሳላስገባ ማንን ላስገባ?»

ጭራ አመነች። እህቷን ሳታምን ማንን ትመን?

በሁለተኛው የልቅሶ ቀን አስተርጓሚው መጣ። ቋንቋ ላልገባው ሁሉ ቅጽ የሚሞላ፣ የሰላምታ ቃል እንኳ በሹክሹክታ መናገር የሚወድ ሽበታም ሰው ነው። እግዜር ያጥናሽ ብሏት ሻይ ከተቀዳለት በኋላ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«የልጅቷ ነገር እንዳይጓተት የእናቷን የመኖሪያ ፈቃድ ፈልጊልኝ። መሞቷን እኛው ቀድመን ብናሳውቅ ይሻላል።»

«የምን ፈቃድ፣ ጋሼ? መልሱ መች መጣና?»

አስተርጓሚው ኩባያውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። «አልነገረችሽም እንዴ? ከመጣ ሰባት ወሩ እኮ ነው።»

ጭራ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ቁም ሳጥኑን ከፍታ የክረምት ካፖርቶቹን አንድ በአንድ አወጣች። ከሥር አንድ ፖስታ ነበር፣ በሹራብ ተጠቅልሎ። ፈቃዱ ላይ ሁለት ስም ሰፍሯል፣ የእትዬና የልጅቷ። ከኋላው የማመልከቻው ቅጂ ነበር። «በዚህ አገር የሚኖር እህት ወይም ወንድም» ከሚለው መስመር ፊት ለፊት አጭር ሰረዝ ተሰምራለች፤ የለም ማለት ነው። ያላመነታች፣ ቀጥ ያለች ሰረዝ ናት።

አስተርጓሚው ተከትሏት በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጠይቄያታለሁ አለ። እህት አለችኝ ካልኩ የት ናት፣ በምን ትኖራለች ይሉኛል፣ ሁላችንም እንወድቃለን ብላ መልሳለታለች። ነገሩ እውነት ነበር። ሕጉም ቢሆን ለእህት ቦታ የለውም፤ ይህን ለእትዬ ነግሯታል።

«መቼ ነው የነገርካት?»

«ገና ቅጹን ሳንጀምር።»

ጭራ አልጋው ላይ ተቀመጠች። የሠራሁት እኔ ነኝ ብዬ ለአለቆቹ ብናገርስ አለችው። አስተርጓሚው በሩን ገርበብ አደረገው።

«ተይ እንጂ። አንቺ ከሆንሽ የሠራሽው፣ የእናቷ ወረቀት በሐሰት የተገኘ ሊባል ነው። እሱ ከወደቀ የልጅቷም አብሮ ይወድቃል።»

እሱ ከሄደ በኋላም ጭራ ከአልጋው አልተነሣችም። ሰረዟን ይቅር ልትላት ትችል ነበር፤ ፍርሃት ነው፣ ሰው ሲፈራ ብዙ ነገር ያደርጋል። ሰባቱን ወር ግን እንዴት አድርጋ ትዋጠው? ከሰባት ወር በፊት የነበረውን ያን ቀን ታስታውሳለች። እትዬ እየሳቀች ገብታ፣ ያን የታመመ ልቧን ረስታ ልጇን ይዛ ክፍሉን ዞረች። ምን ተገኘ ስትባል፣ እንዲያው ደስ ብሎኝ ነው አለች። ከዚያ ወዲያ ጭራ በጠየቀች ቁጥር መልሷ አንድ ነበር፤ ትንሽ ታገሺ ጭራዬ፣ ቢሮው በወረርሽኙ ተጨናንቋል። ትላትና የራሷን ካፖርት ታለብሳታለች፣ አንገትጌውን ታስተካክልላታለች፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ትልካታለች። ምናልባት ብትነግራት በነጋታው ጥላት እንዳትሄድ ፈርታ ይሆናል። ጭራ ግን አትሄድም ነበር፣ ያንገበገባት ይሄ ነው። ብትነግራት ኖሮ አልቅሳ፣ ተሳድባ፣ ጠዋት ተነሥታ ሥራ ትገባ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ እንደ ሞኝ ተቆጠረች።

እንባዋ በዚያው ደረቀ። ጎረቤቶቹ ሐዘኑ አደንዝዟት ነው አሉ። የተናደደች መሆኗን ማንም አላወቀም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የልጅቷን ፀጉር ስታበጥር፣ ልጅቷ ዘወር ሳትል «አክስቴ፣ አንቺም ትሄጃለሽ?» አለቻት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጭራ ቀና በይ አለቻትና ማበጠሯን ቀጠለች። ወረቀት የሌለው ሰው ነገ የት እንደሚያድር በራሱ አፍ አይናገርም።

ከምሳ በኋላ የመጦሪያው ኃላፊ ነርስ መጣች፣ አንዲት አሮጊት በዊልቸር እየገፋች። አሮጊቷ ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች፤ እዚህ ካልወሰዳችሁኝ መድኃኒቴን አልውጥም ብላ አስቸግራ ነው የመጣችው። ዊልቸሩን ከጠረጴዛው አጠገብ አቆሙላት። ፎቶውን መነጽሯን ከፍ አድርጋ መረመረችና ይቺን አላውቃትም አለች። ነርሷ ለለቀስተኞቹ፣ ይቅርታ፣ ትረሳለች ብላ ሹክ አለች።

ከዚያ ነርሷ ከጭራ አጠገብ ተቀመጠች። «እህት እንዳላት ያወቅነው ከሞተች በኋላ ነው» አለች። «እንዲህ ያለ ሠራተኛ አይገኝም። ሰው አጥሮናል። የመኖሪያ ፈቃዱ ማመልከቻ እስከዚህ ወር መጨረሻ ክፍት ነው። በወረርሽኙ ጊዜ የትም ቢሆን አረጋዊ ተንከባክበሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ አረጋግጬ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ሠርተሽ ታውቂያለሽ?»

ነገሩ የጭራ ከንፈር ላይ ደረሰ። የሦስተኛ ፎቁን አሥራ አራት አልጋዎች ተራ በተራ ልትጠራላት ትችላለች። ማን በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ፣ ማን መብራት ሲጠፋ እንደሚፈራ፣ ማን እጁን ተይዞ እንደሞተ። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃት ነበር። ልጅቷ ከማዶ፣ ከእናቷ ፎቶ ሥር ተቀምጣ ታያታለች።

«አላውቅም» አለች ጭራ።

ነርሷ ገባኝ ብላ እጇን ጨበጠቻት። ያን ጊዜ አሮጊቷ ከዊልቸሯ ላይ ወደ ፊት መንሸራተት ጀመረች። ለቀስተኞቹ ተደናግጠው ወንበር ተጋፉ። ጭራ ቀድማቸው ደርሳለች። ፍሬኑን በእግሯ ረገጠች፣ ጉልበቷን ከአሮጊቷ ጉልበት ጋር አጋጠመች፣ ክንዶቿን በብብቷ ሥር አሳለፈችና ሦስት ቆጥራ በአንድ ትንፋሽ መልሳ አስቀመጠቻት። አሮጊቷ ግንባሯን በጭራ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳትደነግጥ፣ ትንሽ ቆየች።

ኃላፊዋ ነርስ ተነሥታ ቆማለች። መጀመሪያ የጭራን ዓይኖች አየች፤ ቀጥሎ ከዓይኖቿ በታች ያለውን ፊት፣ አፍንጫዋን፣ አፏን፣ አገጯን፣ ረጅም ጊዜ ወስዳ አየች።

«ይሄንን ማን አስተማረሽ?»

እትዬ ከታመመች ወዲህ ሰው ማንሣት ፈጽሞ አትችልም ነበር። ልቧ አይፈቅድላትም፤ ሁልጊዜ ሌላ ሠራተኛ ትጠራ ነበር።

ጭራ በአገጯ ወደ ልጅቷ ጠቆመች። «እናቷ» አለች።

የአሮጊቷ አንድ እግር ጫማ ወልቆ ወለሉ ላይ ወድቋል። ጭራ ተንበረከከች፣ እግሯን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጫማውን አጠለቀችላት፣ ክሩንም አሰረች። ፈታችና እንደገና አሰረችው። ከዚያ ማንም ፊቷን እንዳያይ ይበልጥ አጎንብሳ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፈታችው።