ስኳር ወይስ ፍርሃት

ፈተናው ከተጀመረ አርባ ደቂቃ ሲሆነው እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና መዳፎቿን ጉልበቶቿ መሀል ደበቀች። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል፤ ልቧ ይደልቃል።

ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ደሟ ውስጥ ያለው ስኳር ወርዷል፣ ወይ ያ ፍርሃት ተነስቶባታል። ሁለቱም ሲመጡ ምልክታቸው አንድ ነው። ስኳሩ ከአሥራ ሁለት ዓመቷ ጀምሮ አብሯት ኖሯል። ፍርሃቱን ሐኪሙ የጭንቀት ሕመም ያለው ኮሌጅ በገባች በዓመቱ፣ አባቷ በሞተ በስድስተኛው ወር ነው። ለአንዱ መርፌ ትወጋለች፤ ለሌላው ማታ ማታ ክኒን ትውጣለች።

ባለፈው ሴሚስተር እዚሁ አዳራሽ ውስጥ፣ በዚሁ በስታቲስቲክስ ፈተና፣ «ስኳሬ ወረደ» ብላ ወረቀቷን ጥላ ወጥታ ነበር። ደጅ ቆማ ስትለካው አንድ መቶ አሥር ሆነ፤ ደህና ነው። ያስወጣት ፍርሃት ነበር። ከአዳራሽ የወጣ ደግሞ ተመልሶ አይገባም። ዲኑ አንድ ዕድል ብቻ ሰጣት፤ ዕድሉም ዛሬ ነው። ይህን ከወደቀች ከኮሌጁ ትሰናበታለች።

ስለዚህ የመጣው ቢመጣ አልወጣም ብላ ነው የገባችው።

የስኳር መለኪያዋ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ስኳሯ ሲወርድ የምትበላው ከረሜላ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ነው። ሁለቱም ከሌላው ተማሪ ዕቃ ጋር በሩ አጠገብ ግድግዳ ሥር ተከምረዋል። ሐኪሙ ማስረጃ ጽፎላት ነበር። ማስረጃውን ለተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ ብታስገባ መለኪያውን ጠረጴዛዋ ላይ ማድረግ፣ ተጨማሪ ሰዓትም ማግኘት ትችል ነበር። ሐኪሙ ግን ሁለቱንም ሕመም አንድ ወረቀት ላይ ጻፋቸው።

«ስኳሩስ ይሁን» አለች እናቷ ያን ቀን፣ ወረቀቱን እያገላበጠች። «ይሄኛውን ግን ሰው ባያየው ይሻላል። ነገ ሥራ ስትፈልጊ ‹አእምሮዋ ደህና አይደለም› ቢሉሽስ? ለየብቻ ይጻፍልን እንበለው።»

«እማዬ፣ ሐኪሙን ለማግኘት እኮ ሦስት ወር ጠብቀናል።»

«እንግዲያው ይቅር። እስከ ዛሬስ ያለ ወረቀት አልኖርሽም?»

አንዱን ለመደበቅ ሁለቱንም ደበቁ። ኪሷ ከረሜላ ስለማያጣ የክፍል ጓደኞቿ «ከረሜላ» ይሏታል። ጥርስሽ ሊያልቅ ነው እያሉ ሲቀልዱባት አብራቸው ትስቃለች።

አሁን ሐኪሙ እንዳስተማራት በአራት ቆጥራ አየር አስገባች፤ በስድስት ቆጥራ አስወጣች። ፍርሃት ከሆነ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርዳል። አሥር ጊዜ ተነፈሰች። አልወረደም። ጎኗ የተቀመጠው ልጅ ካልኩሌተሩን ይነካካል፤ እያንዳንዷ ቀጭ ጆሮዋ ውስጥ ትገባለች።

«ተቀመጪ» አለች ለራሷ። «ያን ጊዜም ስኳሬ ነው ብለሽ ነው ጉድ የሆንሽው።»

አምስተኛውን ጥያቄ አነበበች። ደግማ አነበበች። ቃላቱን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ነገሩ ግን አልገባ አላት። ወረቀቷን ስታይ የአራተኛውን ጥያቄ መልስ ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ጽፋዋለች። መቼ እንደጻፈችው አታስታውስም።

ያኔ ለየችው። ፍርሃት ሲመጣባት አእምሮዋ ይሮጣል፤ መቶ ነገር ባንዴ ታስባለች። እንዲህ አትፈዝም።

እጇን አነሳች። ፈታኟ ሳትቸኩል መጣች።

«ሽንት ቤት ከሆነ አይቻልም።»

«አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ወርዶብኛል።» ምላሷ ከብዷታል።

«ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ልጄ፣ እዚህ የማይባል ነገር ያለ መሰለሽ? አንዱ ተማሪ አያቴ ሞተች እያለ በሦስት ፈተና ሦስት አያት ቀብሮብኛል።»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

«ሰማያዊው ቦርሳ» አለች ጮክ ብላ። «መለኪያው እዚያ ውስጥ ነው። አልወጣም፤ ራስዎ ያምጡልኝ። ቁጥሩንም ራስዎ ይዩት።»

ፈታኟ የልጅቷን ፊት አየች። ከዚያ ሄዳ ቦርሳውን አመጣች። ልጅቷ ጣቷን ስትወጋ መጀመሪያ ሳተችው፤ በሁለተኛው ደም ወጣ። ፈታኟ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«አርባ ስምንት። ስንት መሆን ነበረበት?»

«ቢያንስ ሰባ።»

«ወይ ልጄ! ምን ላምጣ? ቶሎ በይ!»

«ጃኬቴን። ግራጫው።»

አራት ከረሜላ አከታትላ አኘከች።

«እንዴ፣ መድኃኒቷ ነበር?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ። «እኔ እኮ ስንቱን በላሁባት!»

«አንተ፣ ሥራህን ሥራ!» አለችው ፈታኟ።

ሩብ ሰዓት ያህል ግንባሯን ክንዷ ላይ አሳርፋ ቆየች። መንቀጥቀጡ ሲለቃት ፈታኟ የፈተናውን መዝገብ ቅጽ ይዛ አጠገቧ ቆማለች።

«የሆነውን መጻፍ ግዴታዬ ነው። የስኳር ሕመም ብያለሁ። ሌላ የምጽፈው አለ?»

የለም ማለት ቀላል ነበር። ግን የለም ካለች፣ በሚቀጥለው ፈተናም እጇ ሲንቀጠቀጥ ብቻዋን ልትገምት ነው።

«አለ» አለች። «የጭንቀት ሕመምም አለብኝ። ባለፈው ያስወጣኝ እሱ ነው። ሁለቱንም ይጻፉ።»

ጎኗ ያለው ካልኩሌተር ዝም አለ። ፈታኟ ጻፈች፤ ቀና ሳትል።

«ሰዓት ግን ልጨምርልሽ አልችልም። ያለ ማስረጃ ሥልጣኑ የለኝም።»

«አውቃለሁ።»

እስክሪብቶዋን አነሳች። ከባዱን ዘለለች፤ የምታውቀውን ያዘች። ወረቀት ሲሰበሰብ የመጨረሻውን መስመር እየጻፈች ነበር።

ደጅ ወጥታ ለእናቷ ደወለች።

«እንዴት ሆነልሽ?»

«ከአሥሩ ሰባቱን ሠርቻለሁ። አምስቱን ካገኘሁ አልፋለሁ። እማዬ፣ ስኳሬ መሀል ላይ ወረደ። ተናገርኩ። ሁለቱንም።»

«ማን ሰማ?»

«አዳራሹ በሙሉ።»



«መዝገብ ላይም ገባ?»

«ገባ። እኔ ነኝ ይጻፉ ያልኳቸው።»

 እናቷ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«ምሳ በልተሻል?»

«አሁን እየሄድኩ ነው።»

«ሂጂ በይ። ስትጨርሺ ደውዪልኝ።»