የቆረጥኩት አፈሙዝ

ዓይናቸው አይደለም፣ ዓይናቸው ምንም አልሆነም፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ይህን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ እና አፌን ዘግቼ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ቅዳሴው አልቋል፣ ሽማግሌው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከጥዱ ሥር ከቧል፣ ቄስ ዋልልኝ መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ስለ እርቅ ይናገራሉ፣ መሀል ላይ አጎቴ፣ አያ ባምላኩ። ሚስታቸው ውዴ እጃቸውን ይዛ እየመራች ነው ያመጣቻቸው። እየመራች! የጉናን ገደል በጨለማ የሚወጣ ሰው፣ እንደ ዕውር፣ ድንጋይ አለ እግርዎን ያንሱ እያለች።

ፊት ለፊታቸው ሙላቴ። እግሩ በጄሶ ታስሮ ቁርበት ላይ ተጋድሟል። ጎረቤታቸው ነው፣ ወንዝ ብቻ ነው የሚለያቸው፣ ደግሞ ሊረዱት ነበር እኮ የተኮሱት፣ ጎህ ሲቀድ ጅብ ጥጃውን ከበረት ጎትቶ ዳገቱን ያዘ፣ ሙላቴ ዱላውን ይዞ ኡ ኡ እያለ ተከተለ፣ አያ ባምላኩ ከደጃቸው ሆነው ምንሽር ጠመንጃቸውን አነሱ፣ ሩቅ ነው፣ ከወንዝ ማዶ፣ ግን እሳቸው ናቸው፣ በጉብዝናቸው ቆላ ወርደው ድኩላ ከነሩጫው የሚያስቀሩ አዳኝ፣ አነጣጠሩ፣ ቃታውን ሳቡ፣ ጥይቷ ከጅቡ በታች ድንጋዩን መታች፣ ነጥራ የሙላቴን ቅልጥም ሰበረች።

ከበታች። ክንድ ያህል ዝቅ ብላ።

ሰው ሁሉ ዓይናቸው ነው አለ፣ እርጅና ነው አለ፣ እሳቸውም አመኑ። እኔ ግን ወሬው በስልክ ደብረ ታቦር ብረት ሥራ ሱቄ ድረስ ሲመጣ፣ ዝቅ ብላ የሚለውን ስሰማ፣ የያዝኩት ሞረድ ከእጄ ወደቀ። አፈሙዟን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ጠመንጃዋን በጋቢ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ፣ አያሌው ልጄ፣ አፏን ዝገት በልቶባታል፣ ሁለት ጣት ያህል ከርከም አድርግልኝ፣ አሉና ገበያ ወጡ። ሁለት ጣት። ቶርኖው ላይ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን ላይ፣ አሰርኩት፣ ቆረጥኩ፣ ጠመመ፣ አስተካክላለሁ ብዬ ደገምኩ፣ መቁረጫው ነከሰው፣ ጥይቷን የሚያሾረውን የውስጡን ጥምዝ ላጠው፣ እንደገና፣ ላቤ እየፈሰሰ፣ ደጅ ላይ ባለ ባጃጁ አንተ ሰውዬ የኔስ ብረት እያለ፣ እንደገና፣ ቀና ስል ወለሉ ላይ የተቆራረጠው አፈሙዝ ስንዝር ሞልቷል። የፊቷን ማነጣጠሪያ መልሼ በየድኩባት፣ ሞረድኳት፣ ቀባኋት። አማረች። ጉዱ ያ ነው፣ አማረች።

ሲመለሱ እያገላበጡ አዩዋት፣ አጠረችሳ፣ አሉ። አፌ እንደ ደላላ፣ ያው ናት እኮ አያ፣ እንዲያውም ቀለለችልዎ፣ ለትከሻዎም ይሻላል። ያው ናት! አንተ ቀጣፊ። ወታደር ሳለሁ መሣሪያ ጥገና ክፍል አልነበርኩም እንዴ፣ የመቶ አለቃው እየደጋገመ ያስተማረኝ ይህንኑ አይደል፣ ባሩዱ የጥይቷን እርሳስ የሚገፋት አፈሙዙ ውስጥ እስካለች ድረስ ነው፣ አፈሙዙ ሲረዝም ረጅም መንገድ ይገፋታል፣ ፍጥነት ትጠግባለች፣ ካሳጠርከው ሳትጠግብ ትወጣለች፣ የተረፈው ባሩድ ደጅ ላይ ነድዶ ይቀራል፣ ነበልባልና ጩኸት ብቻ። በቅርብ ልዩነቱ አይታወቅም። በሩቅ ግን የዘገየች ጥይት መንገድ ላይ ትቆያለች፣ በቆየች ቁጥር ትወርዳለች።

ሸኝቻቸው አገራቸው ገሳይ ድረስ መጣሁ፣ ከጓሮ ቅል ሰቅለው ሞከሯት፣ በቅርብ፣ ቅሉ ተፈረካከሰ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበልባሉን አየሁት፣ አፏ ላይ ቦግ ሲል፣ ጆሮዬ ጭው ሲል፣ እሳቸው ሳቁ፣ ጉልበት ጨመረች እኮ አሉኝ! ጉልበቷ ደጅ ቀርቷል አያ፣ ሩቅ አይተኩሱባት፣ ማለት ምን ያህል ቃል ነው፣ ምላሴ ላይ ነበረ፣ የእህቴ ልጅ እጀ ወርቅ ነው ብለው ለአገሩ ሁሉ የሚያወሩት እንዳይቀርብኝ፣ ዋጥኩት።

እንግዲህ አያ ባምላኩ ምን ይላሉ፣ ይላሉ ቄሱ።

ይነሳሉ፣ ውዴ ትደግፋቸዋለች። ምን እላለሁ አባቴ፣ ዓይኔ ከድቶኛል፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ጠመንጃዋን አስረክባለሁ፣ ሁለተኛ እንዳልነካት ገዝቱኝ። በሬዎቼንም እሸጣለሁ፣ መሬቴንም ለእኩል አራሽ እሰጣለሁ፣ ፈሩን የማያይ ሰው ምኑን ያርሳል።

በሬዎቹን! በቀደም ልጠይቃቸው ስመጣ ደጃፋቸውን በዱላ እየዳበሱ አገኘኋቸው፣ ከፊታቸው ቆሜ፣ በቀን ፀሐይ፣ ማነህ አሉኝ። ማየት አቅቷቸው አይደለም፣ ማየታቸውን ማመን ነው ያቃታቸው። አያሌው ነኝ፣ አልኩ፣ እጄን ዳብሰው ሳሙት። ያን እጄን። ያኔም ዝም።

ቄሱ መስቀሉን ያነሳሉ። ግዝት ከወጣ አለቀ፣ በሬዎቹም አለቁ፣ ተነስ፣ አሁን ተነስ፣ ቆይ ለብቻቸው ቤታቸው ሄጄ እነግራቸዋለሁ፣ ውሸት፣ አትነግራቸውም፣ ራስህን አታውቀውም እንዴ፣ ይቆዩኝ አባቴ! የማን ድምፅ ነው፣ የኔ ነው፣ ቆሜያለሁ።

ዓይናቸው አይደለም፣ እላለሁ፣ አፈሙዙ ነው። ሁለት ጣት ተብዬ ስንዝር ቆረጥኩ፣ አበላሽቼው ነው፣ ጥይቷ ጉልበት አጣች፣ ሩቅ ስትሄድ ትወድቃለች፣ አውቅ ነበር፣ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ልክ ነው ያነጣጠሩት።

ቀድማ የምትነሳው ወርቅነሽ ናት፣ የሙላቴ ሚስት፣ እና ይሄ የባሌን አጥንት ይጠግናል? ዝናቡ ደርሷል፣ ማን ሊያርስልኝ ነው? እኔ አርሳለሁ፣ እላታለሁ። አንተ? ሞፈር ከቀንበር የማትለይ የከተማ ሰው! እማራለሁ፣ እላለሁ፣ የሆነ ሰው ይስቃል፣ ሙላቴ ራሱ ነው፣ ጭኑን ይዞ ይስቃል፣ ከዚያ ያመዋል መሰለኝ ፊቱን ያጨማድዳል።

አያ ባምላኩ አይስቁም። ወደ ዳገቱ ቀና ይላሉ፣ ዘለግ ላለ ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ውዴ ይዞራሉ፣ ፊቷን እንደ አዲስ ሙሽራ ያዩታል፣ የነጠላሽ ጥለት ተተርትሯል እኮ፣ ይሏታል። ውዴ እጃቸውን ለቅቃ አፏን ትሸፍናለች።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ወደፊት እላለሁ፣ ቁም እዚያው፣ ይሉኛል፣ ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው። ብረት ይበላሻል፣ ከእጅህ ቢያመልጥህ አልፈርድብህም። ግን በዱላ ስዳብስ ቆመህ አየኸኝ። አዎ አያ። እጅህን ስስመው ዝም አልከኝ። አዎ። እንግዲያስ ዓይኔ ደህና ከሆነ፣ አንተን ላይበት አልፈልግም።

እሺ ማለት አለብኝ፣ ዞሬ መሄድ አለብኝ፣ ቄሱ ልጄ ተቀመጥ ይላሉ፣ ለማን እንደሚሉ አላውቅም፣ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። እሳቸው ግን እንዳሉት አይደለም፣ ዓይናቸውን አልነቀሉም፣ ያዩኛል፣ ከግንባሬ እስከ ጫማዬ፣ ሳያርገበግቡ፣ አጥርተው፣ ላቀረቅር እልና ተው እላለሁ፣ ተው፣ ቁምና ይዩህ።