ቆርቆሮ የተጫነበት አንቴና

መካነ ሰላም ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሌላ ሰው የለም አልልም። አለ፤ ግን እኔ አብዱልጀሊል እያለሁ ምን ይሠራል? የአምቡላንሱን የሬዲዮ አንቴና የተከልሁት እኔ ነኝ። ከተከልሁት ወዲህ ወደ ዓባይ በረሃ የሚበሩ ወፎች እንኳ መንገድ የሚጠይቁት እሱን ነው።

ልጄ ፈይዛ ያገባችው ከከተማው በታች፣ ስልክ በማይሠራበት ቆላ ነው። ወሯ ገብቷል። ነርሷ “ወደ ከተማ ውጪና የእናቶች ማቆያው ተቀመጪ” ስትላት የከለከልሁት እኔ ነኝ።

“ቤትሽ ተቀመጪ! ጤና ኬላው ሬዲዮ አለው፤ አንቴናዬ የትም ሆኖ ይሰማል። ገና ‘እህ’ ስትይ ሃሩን አምቡላንሱን በርሽ ላይ ያቆመዋል” አልኋት። አመነችኝ።

ሐሙስ ዕለት አንቴናውን የምትለካ ባሲማ የምትባል ባለሙያ ከደሴ መጣች። ከኳስ ሜዳው በቆላው በኩል ካለው ጫፍ መለኪያዋን ዘርግታ ቆመች፤ እኔም ከጎኗ እንደ ሚዜ። ሾፌሩ ሃሩን ሜዳው መሀል መኪናውን ቀስ እያለ እያዞረ በሬዲዮ ያወራል፤ እሷ በየአቅጣጫው ድምፁ ምን ያህል ጠንክሮ እንደሚደርስ ታያለች።

“ሀሎ፣ ሀሎ፣ ሃሩን ነኝ፣ ምሳ አልበላሁም” እያለ ዞረ። መለኪያው ንቅንቅ አላለም።

“ማሻአላህ፣ በሁሉም በኩል እኩል ነው” አለች።

“እኩል ብቻ? ልጄ፣ ይኼኔ መቅደላ አምባ ላይ የቆመ ሰው ጆሮውን ይዟል!”

ሳቀች። ከዚያ ሃሩንን ጠርታ፣ “ወደ ቆላ የሚወርዱት እንደዚህ ባዶውን ነው?” አለችው።

ሃሩን አንገቱን አከከ። “ባዶውንማ እንዴት እወርዳለሁ እህቴ? ልጆቻቸው ከሪያድ ገንዘብ ልከውላቸው ቆርቆሮ የገዙ እናቶች ገበያ ላይ ‘ሃሩኔ’ ይሉኛል። ፖርቶመጋላው ላይ አስሬ አወርድላቸዋለሁ፤ እነሱም ዱዓ ያደርጉልኛል።”

“ሁልጊዜ?”

“ያልጫንሁበትን ቀን ብትጠይቂኝ ይቀላል።”

“እንግዲያው ጭነው ይምጡ። እኔ የምለካው መንገድ ላይ የሚወጣውን መኪና ነው።”

ሃሩን ከገበያ ጭኖ ተመለሰ። ቆርቆሮው ጎብጦ ታስሮ ጣሪያው ላይ እንደ ግመል ቆሟል፤ አንቴናዬ ከኋላው ጫፉ ብቻ ይታያል።

“ይኼ ምኑ ይጋርዳል? የእኔ አንቴና ተራራ ይበሳል!” አልኋት።

መኪናው መዞር ጀመረ። ጎኑን ሲሰጠን ይሰማል። ጀርባውን ሲሰጠን ይሰማል። ፊቱን ወደ እኛ፣ ወደ ቆላው ሲያዞር ጸጥ አለ።

“ምነው ሃሩን ዝም አለ?” አልሁ።

ዝም አላለም። አፉ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ ይታየኛል። በዓይኔ የማየውን ሰው በሬዲዮ አጣሁት!

“እስኪ ድገሚው።”

ደገመችው። አሁንም የለም።

“ቆርቆሮው ከልሎታል” አለች ባሲማ። “ፊቱን ወደ ቆላው ባዞረ ቁጥር ከዚያ ቢጠሩትም አይሰማም። አንቴናው ሌላ ቦታ ተተክሎ እንደገና እስክለካው ድረስ አይመኑት።”

“ቆርቆሮውን መጫን ቢተውስ?”

ሃሩን ከመኪናው ወርዶ ሰምቶኛል። “ማንን እምቢ ልበል? ባለፈው ሳምንት እንኳ የፈይዛን አማት ቆርቆሮ ጭኜ ወርጃለሁ።”

የልጄን ስም ሲጠራ ክንዱን ያዝሁት። “ያን ቀን ምጥ ቢይዛትስ ኖሮ?”

ሃሩን ዘሎ ገመዱን ይፈታ ጀመር፤ ቆርቆሮውን እዚያው ሜዳው ላይ አራግፈን ቁልቁል ወረድን።

ፈይዛ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

“አባዬ! አንቴናውስ? አገሩን ሁሉ ሰማው አይደል?”

“አይሰማም ልጄ። ቆርቆሮ ሲጫንበት ከፊት ለፊት አይሰማም። ተነሽ፣ ማቆያው እንግባ።”

እጇ ምስሩ ላይ ቀረ። እንደ ልማዴ የምጨምረው ጉራ ይኖራል ብላ ፊቴን እያየች ጠበቀች። አልጨመርሁም።

“ያ ረቢ!” አለችና ሰፌዱን ለአማቷ አቀብላ ሻርፗን ትፈልግ ጀመር።